የነጅማ አርባ ስምንት ደቂቃ

ለሊሴ ያን ዕለት ቆሻሻ ልትጥል ባትወጣ ኖሮ ነጅማን ደረጃ ላይ አታያትም ነበር።

ረቡዕ ነው፤ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። በልደታ ኮንዶሚኒየም በዚያ ሰዓት የሚሰማው የባልዲ ድምፅና የቁልፍ ኳኳታ ነው። ለሊሴ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከሦስተኛ ፎቅ ቤቷ ብቅ ስትል ከላይ አንድ ሰው ሲወርድ ሰማች። አወራረዱ ግራ ያጋባል፤ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ደግሞ ይጎተታል። ሽማግሌ መስሏት ልታሳልፍ ወደ በሯ ተጠጋች። ቀና ስትል የአራተኛ ፎቋ ነጅማ ናት። የስፖርት ክለቧን ቱታ ለብሳ፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከአልጋ እንደሚወርድ ሕፃን በጀርባዋ ትወርዳለች። ግራ እግሯን ባሳረፈች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች።

ለሊሴ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ወደ ቤቷ ተመልሳ በሩን ገርበብ አደረገችው። ነጅማ ሳታያት አልፋ ወረደች። ከመስኮት ሆና ስትከታተላት ልጅቷ ከሕንፃው ሥር ወጥታ ቆመች፤ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ትከሻዋን አስተካከለችና ምንም እንዳልነካው ሰው ቀጥ ብላ ሄደች።

የነጅማ ውድድር የፊታችን እሑድ ነበር።

ነጅማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስፖርቷ የእርምጃ ውድድር ነው፤ አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፣ የሚቀድመው እግር ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም፣ ደጋግሞ የተሳሳተ በዳኛ ካርድ ይባረራል። ሰው አይጓጓለትም። ማለዳ ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች ተወዳዳሪዎቹ በመንገዱ ዳር ወገባቸውን እየሰበቁ ሲያልፉ ወያላው ሁሉ ይቀልድባቸዋል። አንድ ጊዜ አንዱ ከታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ «እህቴ፣ ይህን ያህል ከቸኮልሽ ለምን አትሮጪም?» ሲላት ነጅማ ሳትቆም «ከሮጥኩማ ማን ይይዘኛል!» ብላ የታክሲውን ሰው በሙሉ አስቃዋለች። እንደዚህ ያለች ልጅ ነበረች።

ለሊሴ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃንጋሪ ስድስት ዓመት ተቀምጣ የስፖርት ሥነ ልቦና አጥንታ ከተመለሰች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ በቀረው ጊዜዋ ጌጃ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ አዳራሽ ያለው አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ትሠራለች። አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ቀን «አንቱ አትበሉኝ» ብላቸዋለች፤ እነሱም እሺ አሉና ለማካካሻ «ዶክተር» ይሏት ጀመር። ዶክተር እንዳልሆነች ደጋግማ ነግራቸው ሰለቻትና ተወችው።

መስከረም ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ካርድ አደለች። የዓመቱን ግብ ጻፉ አለቻቸው፤ የሚለካ፣ ቀን ያለው፣ በእጅ የሚጨበጥ። ካርዶቹ ሲመለሱላት ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አገኘች። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፤ «በእመቤቴ እርዳታ»፤ «ጌታ ከረዳኝ»፤ «ኢንሻአላህ»። ለሊሴ ይህን ዓይነት ንግግር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ «ጌታ ቢፈቅድ ቅዳሜ አምቦ እወስድሻለሁ» ይሏት ነበር፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ አምቦ ግን እዚያው አምቦ ነው። ለምን ብላ ስትጠይቅ ጌታ አልፈቀደም ማለት ነው። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና ዘጠኙንም ሰረዘች።

«ፈጣሪን ቤታችሁ ለምኑት፤ እኔ አልከለክልም» አለቻቸው። «እዚህ ካርድ ላይ ግን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ማፈግፈጊያ አታዘጋጁ። አደርጋለሁ በሉ።»

 አንዱ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ዶክተር፣ ሰማዩ እንዳይወርድብን» አለና ሳቁ። ከዚያ የተማረ ሰው ነውና ያዘዘው፣ በአዲስ ካርድ ገለበጡት፣ ፈረሙበት፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ጮክ ብለው አነበቡት። የነጅማ እንዲህ ይል ነበር፦ «በግንቦት ወር አሥር ኪሎ ሜትር ከአርባ ስምንት ደቂቃ በታች እገባለሁ።» ስታነብ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ለሊሴ ጉጉት መስሏት ደስ አላት።

አሰልጣኙ ጋሽ ሂርጳ በማግሥቱ መጥተው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ካርዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመለከቱ።

«የመቃብር ሐውልት አስመሰልሽው እኮ» አሉ። «ስም፣ ቁጥር፣ ቀን።»

«ጋሽ ሂርጳ፣ እርስዎ ታዲያ ለልጆቹ ምን ግብ ነው የሚሰጧቸው?»

«እኔ? እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ ድረስ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ምሰሶ አለ። አዲስ አበባ ምሰሶ አይቸግራትም።»

ለሊሴም ስቃ ነበር፤ ስለ ሽማግሌው አሠራር በማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ያን ረቡዕ ከልምምድ በኋላ ሌሎቹ ሲበተኑ ነጅማን አስቀረቻት። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ደረጃውን ለምን በጀርባሽ ትወርጃለሽ?»

ነጅማ የጫማዋን ክር ፈታች፤ መልሳ አሰረችው። «አይተሽኛል?»

«አይቼሻለሁ።»

«ለጋሽ ሂርጳ ትነግሪያለሽ?»

«እዚህ የምናወራው ከእኔ አይወጣም። መጀመሪያ ቀን ብያችሁ የለ?»

«ወላሂ በይ።»

«እኔ አልምልም። ቃሌ ይበቃል።»

ነጅማ ትንሽ አየቻትና የግራ እግሯን ቱታ ወደ ላይ ሰበሰበች። ቅልጥሟ አላበጠም፣ አልቀላም። አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። «እዚህ» አለች። ለሊሴ በራሷ ጣት ስትነካው ልጅቷ እንደተቃጠለ ሰው እግሯን ሰበሰበች። ቦታው ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም።  የጡንቻ ሕመም ይንሰራፋል፤ እንዲህ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም የአጥንት ነው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ላይ አሥር ኪሎ ሜትር በፍጥነት የተራመደ ደግሞ ሊሰብረው ይችላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጋቢት።»

«በየሳምንቱ ቅጽ እሰጣችኋለሁ። ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር ብዬ እጠይቃችኋለሁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ዜሮ ጻፍሽ!»

«ምን ልጻፍ ታዲያ? ካርዴ ላይ ‹እግሬን ካላመመኝ› የሚል የለም።»

«ነጅማ፣ ግብ ይለወጣል። ይቀነሳል፣ ይራዘማል፤ ሰው ከታመመ…»

«እሱን ያኔ አልነገርሽንም።»

ለሊሴ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ለኮሌጅ ተማሪዎቿ ስታስተምር ይህ ጉዳይ የራሱ የሆነ ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ ግብ የሚሻሻል ካልሆነ ሰውን ይጎዳል እያለች ምሳሌ ትደረድር ነበር። እዚህ ግን ካርዱን አስፈርማ፣ አስነብባ፣ ሰዓት አልቆባት ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ ብላ አልተመለሰችበትም።

«ኢንሻአላህ ብዬ ብተወው ኖሮ» አለች ነጅማ፤ ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ሒሳብ የምታስረዳ ነው የምትመስለው፤ «እግሬን ሲያመኝ አላህ አልፈቀደም ብዬ ቁጭ እል ነበር። ማንም ለምን አይለኝም። እኔም ራሴን ለምን አልልም። አንቺ ሰረዝሽው። አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ካልገባሁ ውሸታም ነኝ ማለት ነው።»

«ማንም ውሸታም አይልሽም።»

«በሰው ፊት ነው ያነበብኩት፣ ዶክተር።» ቱታዋን አወረደች። «አራት ቀን ነው የቀረው። እሑድ ልግባና ከዚያ አርፋለሁ። አንድ ቃል እንዳትናገሪ፤ ብለሻል።»

ሐሙስ ዕለት ለሊሴ ከኮሌጅ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቷ አልወሰዳትም፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወሰዳት። የነጅማ እናት ወይዘሮ ሀዲያ እዚያ የባልዲ፣ የፔርሙስና የሳህን ሱቅ አላቸው። ምን ልትላቸው እንደሄደች ራሷም በቅጡ አታውቅም። ምናልባት ሳትናገር የሚገባቸው መስሏት ይሆናል።

«ዶክተር! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ወይዘሮ ሀዲያ የተደራረቡ ሳፋዎችን በክንዳቸው ገፍተው በርጩማ አወጡላት። «ተቀመጪ ልጄ። ከስተሻል። እነዚያ ልጆች ሥጋሽን ጨረሱት?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ትንሽ አጎንብሰው፣ ምስጢር እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ጊዜ ቃሉን የሰረዝሽው ጊዜ መጥታ ነግራኛለች። አልዋሽሽም፣ ደንግጫለሁ። እኛ ነገ ሱቅ እከፍታለሁ ለማለት እንኳ እሱን ሳንጠራ አንልም። በኋላ ግን ‹ተይ ልጄ፣ የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ፣ የምታውቀው ነገር ይኖራል› አልኳት።» ከት ብለው ሳቁ። «እኔ በየሶላቱ በእሷ ፈንታ ኢንሻአላህ እልላታለሁ። እሷ ግን ልክ አንቺ እንዳልሻት ናት። አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችም።»

ለሊሴ ፈገግ ልትል ሞክራ ፊቷ እምቢ አላት። «ምናልባት… እሑድ ባትወዳደርስ? ሌላ ጊዜም አለ።»

የወይዘሮ ሀዲያ ሳቅ ቆመ። «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች።»

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው። እንዳትጨናነቅ ብዬ።»

እናትየዋ አፍጥጠው አዩዋት። ደንበኛ ገብቶ የባልዲ ዋጋ ሲጠይቅ ለሊሴ ተነሳች። ሰላሳ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ዞር ስትል ወይዘሮ ሀዲያ ደንበኛውን ትተው በር ላይ ቆመው ያይዋት ነበር።

ያን ምሽት ራሷን ብዙ ጠየቀች። ቃሏን ብትጠብቅ የልጅቷ እግር አለ። ቃሏን ብታፈርስ ከነጅማ ሌላ የሌሎቹ አሥራ አንድ ልጆች አፍም ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማን የልቡን ይነግራታል? ሃንጋሪ ሳለች እንዲህ ያለ ጥያቄ በፈተና መጥቶላት ነበር። ሁለት ገጽ ጽፋ ጥሩ ውጤት አገኘችበት። ለልጆቹ «ሕይወታችሁን ወይም አካላችሁን የሚጎዳ ነገር ካልሆነ በቀር አልናገርም» ማለት እንደሚገባ በሁለቱ ገጾች ላይ ጽፋለች። ለነጅማ ስትናገር ግን «ካልሆነ በቀር» የሚለውን አላለችም። «ቃሌ ይበቃል» ነው ያለችው።

ዓርብ ጠዋት ለጋሽ ሂርጳ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው አዳራሹ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ከመጋቢት?»

«ከመጋቢት።»

«ሠላሳ ዓመት እግር ሳይ ኖሬ» አሉ። «ሰው ፊት አያይም ይሉኛል፤ እግር ብቻ። የእሷን እግር ግን አላየሁም።» ከኪሳቸው የእሑዱን ስም ዝርዝር አውጥተው የነጅማን ስም በእርሳስ ሰረዙ። «አልቋል። አትገባም። አንቺ ንገሪያት።»

«እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም?»

«ማን ነገረዎት ስትለኝ ምን ልበላት? እግሯ መጥቶ ነገረኝ? ያው አንቺው ነሽ፣ ልጄ። ቅዳሜ ንገሪያት፤ ሌሊቱን ታልቅስና ጠዋት ይቀላታል። መነሻው መስመር ላይ ግን እንዳታሰሚያት። እሱ ነውር ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሊሴ አራተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ ነጅማ ከእናቷ ጋር ስትከራከር ይሰማል፤ ቁርስ ላይ ምን ልብላ፣ ምን አልብላ ነው ነገሩ። እናትየዋ «ገንፎ ሰውን አንቆ አያውቅም!» ሲሉ ሁለቱም ሳቁ። ለሊሴ እጇን ለማንኳኳት አነሳችና መለሰችው። ማታ እመለሳለሁ አለች በልቧ። ማታ ሆነ፤ አልተመለሰችም። ነገ በጠዋት ደረጃ ላይ አገኛታለሁ አለች። በጠዋት ስትነሳ ነጅማ ወጥታለች።

ሰንጋ ተራ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ዙሪያው በገመድ ታጥሯል። የየክለቡ ልጆች ያሟሙቃሉ፤ ዳኞቹ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ለሊሴ ስትደርስ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል። የተጠራ ቁጥሩ ይለጠፍለታል። ነጅማ ከመስመሩ አጠገብ ቆማ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ግራው ላይ ግን ብዙም አትቆይም። ስም ጠሪው ጨረሰ። ወረቀቱን አጠፈ።

«እኔስ?» አለች ነጅማ። «ነጅማ ኑሪ። አልተጠራሁም።»

«የለሽም እዚህ። አሰልጣኝሽን ጠይቂ።»

ነጅማ ወደ ጋሽ ሂርጳ ዞረች። ጋሽ ሂርጳ ደግሞ ለሊሴን አዩ። አልነገርሻትም? የሚል እይታ ነበር፤ ከቁጣ ይልቅ ኃፍረት ያለበት። ነጅማ እይታቸውን ተከትላ ዞረች፤ ሌላ የሚነገራት አላስፈለጋትም።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች ለሊሴ። «ትናንት ልነግርሽ መጥቼ ነበር።»

«ቃሌ ይበቃል አልሽኝ።»

«እግርሽ ይሰበራል፣ ነጅማ።»

«ቃሌ ይበቃል አልሽኝ!» ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። አሥራ አንዱም እዚያ ነበሩ፤ አሥራ አንዱም ሰሙ።

የመነሻው ፊሽካ ተነፋ። ተወዳዳሪዎቹ ሄዱ። ነጅማ አንድ አፍታ ጀርባቸውን አየች። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን ተጫነችና ገመዱን ተሻግራ በተቃራኒው፣ ወደ ሜክሲኮ ቁልቁል መራመድ ጀመረች። ተናዳ የምትሄድ ሰው አካሄድ አልነበረም። ክንዷ ታጥፎ፣ ወገቧ እየተሰበቀ፣ ጉልበቷ ሳይታጠፍ ትሄድ ነበር።

«ያዢያት!» አሉ ጋሽ ሂርጳ።

ለሊሴ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው። ሮጠች። የሚራመድ ሰው የሚሮጥን ሰው ይቀድማል ብሎ የሚያምን ባይኖርም፣ በዚያ እሑድ ጠዋት የሜክሲኮ ሰው በዓይኑ አይቷል። ነጅማ በእግረኛው መንገድ ላይ በሰዎች መሐል እንደ መርፌ ታልፋለች። «አንቺ፣ የተሰረቅሽው ነገር አለ?» አለ አንዱ ለሊሴን። «ሌባ ናት እንዴ? ሌባ በእግሩ ነው እንዴ የሚያመልጠው?» አለ ሌላው፤ ሰዉ ሳቀ። ለሊሴ ስሟን እየጠራች ሮጠች። ነጅማ አልዞረችም። አደባባዩን አለፈች፤ የባቡሩ ድልድይ ሥር ገባች፤ ወደ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት አቀናች። ለሊሴ ያኔ ነው የገባት። ልጅቷ ወደ ቤቷ እየሄደች አይደለም፤ እየተወዳደረች ነው። ልደታ ስትደርስ ትዞራለች። አሥር ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ ትመላለሳለች።

ተግባረ ዕድ አጠገብ የነጅማ ወገብ አንድ ጊዜ ተዛነፈ። ተስተካከለች። አምስት ስድስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ግራ እግሯ መሬት ሊነካ ሲል እምቢ ያለው መሰለ፤ በአንድ እግሯ ነጠር ብላ የድልድዩን ዓምድ አቀፈች።

ለሊሴ ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል። ነጅማ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ይዛለች። አታለቅስም። ፊቷ ግን የአመድ መልክ ይዟል። ሰዓቷ አሁንም ይቆጥራል። ከልደታ ማርያም የሚመለሱ አንዲት ነጭ የለበሱ እናት ጎንበስ ብለው «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሏት።

ነጅማ በአገጯ ለሊሴን ጠቆመች። «እሷን ይጠይቋት። እሷ ታውቃለች።»

እናቲቱ ወደ ለሊሴ ቀና አሉ። «እህቷ ነሽ?»

«ጎረቤቷ ነኝ።» ትንፋሽ አጠራት። «እግሯን ታማለች። ካወቅሁ አራት ቀኔ ነው።»

«ታዲያ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ለሌላ ሰው ተናገርኩ። ለእሷ ነው ዝም ያልኩት።»

ሴትየዋ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሊገባቸውም አልፈለጉም። «ያዢያታ! ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንድ ሰው ላዳ አስቆመ። ለሊሴ ነጅማ አጠገብ ተንበረከከች። ልጅቷ ሳታያት ቆየች። ከዚያ፣ ሌላ የሚያዝ ነገር አጠገቧ ስላልነበረ፣ ክንዷን በለሊሴ ትከሻ ላይ ጣለች። ስትነሳ ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችባት። ቀጭን ልጅ ናት፤ ለሊሴ ግን ወገቧ ጎበጠ። ላዳው እስከቆመበት ድረስ ነጅማ በአንድ እግሯ እየነጠረች፣ ለሊሴም በአንድ ጫማ ብቻ ሄዱ፤ አንዱን ጫማዋን የት እንደጣለችው አታውቅም።

በሩ አጠገብ ሲደርሱ ነጅማ ከንፈሯን ወደ ለሊሴ ጆሮ አስጠጋች። ሲያዩት የምታመሰግናት ይመስላል።

«ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አለች። «ወድቄ ነው እላታለሁ። ስለ መጋቢት እንዳትነግሪያት። ሰማሽኝ?»

ለሊሴ እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ ሹፌሩም «ቶሎ በሉ፣ መቆም ክልክል ነው» እያለ ነው። የላዳውን በር ከፈተች፤ የልጅቷን እግር በሁለት እጇ ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። አጠገቧም ተቀመጠች። እሺም እምቢም አላለችም።

«ሰማሽኝ ወይ?» አለች ነጅማ እንደገና።

መኪናው ተነሳ።